የቡና መሬት ለቸገረው ቤት፦ ኮንትራት፣ ወለድ አገድ ወይስ ቡናውን ሳይደርስ መሸጥ?

የጎማው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጎማ ወረዳ፣ ከአጋሮ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ስላለ አንድ ቤተሰብ ነው የምጠይቀው። አባወራው አርፈዋል። ይዞታው በጠቅላላ 0.75 ሄክታር ነው፤ 0.5ቱ ቡና፣ 0.25ቱ በቆሎ። የይዞታ ደብተሩ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ አለበት፣ ከሞታቸው በኋላ ግን አልተነካም። አራት ልጆች አሉ፤ ሁለቱ 18 ዓመት አልሞላቸውም። ለሕክምና ዕዳና ለትምህርት ቤት 40,000 ብር አሁን በሐምሌ ያስፈልጋል፤ ቡናው ደግሞ ከጥቅምት በፊት አይለቀምም።

ሦስት ሰው ሦስት ሐሳብ ይዞ መጥቷል። አንዱ ሙሉውን ቡና ለ5 ዓመት በኮንትራት (በኪራይ) ልያዝ ይላል። ሁለተኛው 40,000 ብሩን ሰጥቶ ገንዘቡ እስኪመለስ መሬቱን በወለድ አገድ፣ ማለትም በወለድ ፋንታ ምርቱን እየወሰደ ሊይዘው ይጠይቃል። ሦስተኛው ነጋዴ ነው፤ ለዘንድሮው እሸት (ተለቅሞ ያልደረቀ) ቡና ከወዲሁ በኪሎ ቆርጦ መክፈል ይፈልጋል። ሕጉ የቱን ይፈቅዳል? የትኛውስ ነው ቤቱን የማይጎዳው? ውል ቢጻፍ ምን ይግባበት?

ቡናና_ሕግ፦

ወንድሜ፣ ከሦስቱም በፊት አንድ ሥራ አለ። ደብተሩ ላይ ያለው አንዱ ባለይዞታ ከሞተ፣ እናትየው ብቻቸውን የሚፈርሙት ማንኛውም ውል ግማሹ አየር ላይ ነው። ወረዳ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይውጣ፣ ለሁለቱ ትንንሽ ልጆች የሞግዚትነት ማስረጃ አብሮ ይጠየቅ፣ ከዚያ ሁለቱም ማስረጃዎች ወደ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄደው መዝገቡና ደብተሩ ይስተካከል። ይህ ካልሆነ ትልቁ ልጅ የዛሬ ዓመት «እኔ አልተስማማሁም» ብሎ ውሉን ያናጋዋል፤ የመሬት ኪራይ በይዞታው ላይ መብት ያላቸውን ሁሉ ፈቃድ ይጠይቃልና። 18 የሞላቸው ሁለቱ ልጆች በውሉ ላይ ይፈርሙ።

ደግሞ ማንም ሰው «እንግዲያው መሬቱን ለልጆቹ አከፋፍሉት» ብሎ እንዳያሳስታቸው። በኦሮሚያ የገጠር መሬት አዋጅ 130/1999 ዝቅተኛው የይዞታ መጠን ለዓመታዊ ሰብል 0.5 ሄክታር፣ ለቋሚ ተክል 0.25 ሄክታር ነው። 0.75 ሄክታር ለአምስት ሰው ቢሸነሸን ከወለሉ በታች ይወርዳል። ልጆቹ መብታቸው ሳይጠፋ በጋራ ይጠቀማሉ።

አሁን ወደ ኮንትራቱ። በዚያው አዋጅ አርሶ አደር ማከራየት የሚችለው ከይዞታው እስከ ግማሹ ነው፤ ዘመኑ በባህላዊ መንገድ ለሚያርስ ተከራይ ከ3 ዓመት፣ በዘመናዊ እርሻ ለሚሠራ ከ15 ዓመት አይበልጥም። በዚህ ቤት ልክ ስናሰላው ግማሹ 0.375 ሄክታር ነው። ስለዚህ «0.5 ሄክታሩን ቡና በሙሉ ለ5 ዓመት» የሚለው በመጠንም በዘመንም ያልፋል። በ2016 የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ 1324/2016 የድሮውን 456/1997 ተክቷል፤ ክልሎች ዝርዝሩን በራሳቸው ሕግ ያስፈጽማሉ። ውሉን ከመጻፋችሁ በፊት ወረዳው አሁን የሚመዘግበው በስንት ዓመት እንደሆነ መዝጋቢውን ጠይቁ። የማይመዘገብ ዘመን ወረቀት ላይ ቢጻፍ የሚጠቅመው ለጸሐፊው ብቻ ነው።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ተዋዋዮቹና ሁለት ምስክሮች ይፈርሙ (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1727)፣ ከዚያ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ይጽደቅና ይመዝገብ። ቀበሌ ሊቀመንበር ማኅተም መታበት ማለት ተመዘገበ ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል።

ወለድ አገዱን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ አይንኩት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 3117 ጀምሮ ወለድ አገድን ያውቀዋል፣ እውነት ነው። ግን ሕጉ የወጣው በ1952፣ መሬት የግል በነበረበት ዘመን ነው። ከአዋጅ 31/1967 ወዲህ የገጠር መሬት አይሸጥም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40ም ይህንኑ አጽንቷል። «ገንዘቡ እስኪመለስ» የሚል ውል መጨረሻ የለውም፤ የኪራዩን የዘመን ገደብ በጓሮ በር ማለፍ ነው። ፍርድ ቤት ሲደርስ ውሉ የመፍረስ ዕድሉ ሰፊ ነው። ሲፈርስ ደግሞ በቁጥር 1815 ሁለቱም ወገኖች ወደ ቀድሞ ቦታቸው ይመለሳሉ፦ ባለገንዘቡ መሬቱን ይለቃል፣ እናትየው 40,000 ብሩን ይመልሳሉ። እዚያ ቀን ላይ 40,000 ብር ከየት ይመጣል? ባለገንዘቡ በመሐል የለቀመው ቡና ተሰልቶ ይቀነስልኝ ማለት ይቻላል፣ ግን ስንት ኪሎ እንደለቀመ ማን መዝግቦ ይዟል? በገንዘብ ሲታይም የባሰ ነው። 40,000 ብር የሰጠ ሰው በዓመት የዚያን መሬት ምርት እየወሰደ ዋናው ገንዘብ አንድ ብር አይቀንስም።

ሰቃ፦

የነጋዴውን ጉዳይ እኔ ላስላው፤ ቁጥሩ ካልተጻፈ አያስደነግጥም።

ለምሳሌ ያህል ነጋዴው አሁን እሸት ቡናን በኪሎ 50 ብር ቆረጠ እንበል። 40,000 ብር ለማግኘት 800 ኪሎ ይጽፉለታል። ኅዳር ላይ ገበያው 90 ብር ከሆነ 800 ኪሎው 72,000 ብር ያወጣል። ልዩነቱ 32,000 ብር፤ በአራት ወር ውስጥ በ40,000 ላይ 80 በመቶ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ (ቁጥር 2479) በግለሰቦች ብድር ላይ የሚፈቅደው ጣሪያ በዓመት 12 በመቶ ነው፤ ለአራት ወር 1,600 ብር። ባንክ በዓመት 18 በመቶ ቢያበድር እንኳ ለአራት ወር 2,400 ብር ነው። ነጋዴው 12 በመቶው የማይመለከተው ወረቀቱ «ሽያጭ» ስለሚል ነው። ብድር ቢባል ጣሪያው ይይዘዋል።

ሌላው ችግር ኪሎው ነው። ግማሽ ሄክታር ጥሩ በያዘ ዓመት ወደ 1,800 ኪሎ እሸት ሊሰጥ ይችላል (ለ1 ኪሎ ንጹሕ ቡና 6 ኪሎ ገደማ እሸት ይፈልጋል)። ቡና ግን አንድ ዓመት ይበዛል፣ በሚቀጥለው ያርፋል። ዘንድሮ የማረፊያ ዓመቱ ከሆነና 900 ኪሎ ብቻ ከተገኘ፣ 800ው ለነጋዴው ሄዶ ቤቱ በ100 ኪሎ ይቀራል። ከ800 ቢያንስ ደግሞ ጎደሎው ለከርሞ ይዞራል፤ ያውም በዘንድሮው ዋጋ። ዕዳው ሥር የሚሰደው እንዲህ ነው።

ከነጋዴው ጋር የግድ መስማማት ካለባቸው ቃሉ ይለወጥ። ወረቀቱ «40,000 ብር ተበደርኩ» ይበል። መክፈያው በእሸት ቡና ይሁን፤ ዋጋውም «በርክክቡ ዕለት በቀበሌው የግብይት ቦታ በዋለው ዋጋ» ተብሎ ይጻፍ። ለነጋዴው ጥቅም ወለድ ከፈለጉ ወለዱ በግልጽ ይጻፍ፣ ከ12 በመቶ አይለፍ። ወለድ የማይፈልጉ ከሆነ (በዚህ አገር ብዙ ሙስሊም ቤት አይፈልግም) ነጋዴው ቡናውን ቀድሞ የማግኘት ቅድሚያ ብቻ ይሰጠው፤ ይህም ለእሱ ቀላል ነገር አይደለም፣ በኅዳር ሽሚያ ነው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ያለ ጽሑፍ ለማስረዳት አስቸጋሪ ነው (ቁጥር 2472)፤ ስለዚህ ሁለት ቅጂ ይጻፍ፣ አንዱ እናትየው ጋ ይቅር። ብዙ ቤት ቅጂ አይወስድም፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ያለው አኃዝ በነጋዴው ኪስ ውስጥ ይለመልማል።

ርክክቡም በተፈቀደው የግብይት ቦታ ይሁን። የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ 1051/2009 ከዚያ ውጭ መገበያየትን ይከለክላል። ጓሮ ድረስ መጥቶ በራሱ ሚዛን የሚመዝን ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚያተርፈው።

መልኮ፦

ሕጉን ተናግረዋል። ቡናው ግን ሕግ ብቻውን አያድነውም፤ ተከራይ ሦስት ዓመት ብቻ እንዳለው ሲያውቅ ቡናውን እንዴት እንደሚይዘው ማሰብ ያስፈልጋል። የተጎነደለ (እንዲታደስ ግንዱ ዝቅ ብሎ የተቆረጠ) ቡና ደህና ምርት የሚሰጠው በሦስተኛው ዓመት ገደማ ነው፣ አዲስ የተተከለ ችግኝ ከ3 እስከ 4 ዓመት ይፈልጋል። ሦስት ዓመት ያለው ተከራይ ጉንደላም ተከላም አይሠራም፤ ያለውን አልቦ ይሄዳል። አጭሩ ዘመን መሬቱን ከመነጠቅ ይጠብቃል፣ ተክሉን ግን ለተከራይ ችኮላ ያጋልጣል። መድኃኒቱ ውሉ ውስጥ ነው።

ቀኑን በመጀመሪያ። አብዛኛው ሰው በፈረመበት ቀን ጀምሮ በዚያው ቀን ይጨርሳል። ሐምሌ ላይ ተጀምሮ ሐምሌ ላይ የሚያልቅ ውል ውስጥ ተከራዩ የመጨረሻውን ለቀማ ታኅሣሥ ላይ ጨርሶ ከጥር እስከ ሐምሌ ማሳውን ዞር ብሎ አያየውም፤ አረሙ ቡናውን ውጦት ነው የሚረከቡት። ሐምሌ 1 ተጀምሮ በሦስተኛው ለቀማ ማግሥት ጥር 30 ላይ ይለቅ። 2 ዓመት ከ7 ወር ነው፣ ሦስት ለቀማ ይደርሰዋል፣ ከ3 ዓመት ገደብም በታች ነው። ለባለመሬቷ ደግሞ ጥርና የካቲት የጉንደላ ጊዜ ስለሆነ በወቅቱ ይረከባሉ።

የትኛው 0.375 ሄክታር እንደሚከራይ በእግር ዞራችሁ ለዩት፣ ድንበሩን ከአዋሳኝ ጋር ጻፉት፣ የቡናውን ግንድ ቁጠሩ። በ2 በ2 ሜትር የተተከለ ቢሆን በሄክታር 2,500፣ በ0.375 ሄክታር ወደ 937 ግንድ ነው፤ የድሮ ማሳ ግን ርቀቱ የተዘበራረቀ ስለሆነ በሒሳብ አትተማመኑ። የጥላ ዛፉንም ቁጠሩ፤ ዋንዛውን በተለይ። ዋንዛ ጥሩ ጣውላ ይወጣዋል፣ ተከራይ አንዱን ቢያወርድ የዓመት ኪራዩን መለሰ ማለት ነው። «ያለ ጽሑፍ ፈቃድ የጥላ ዛፍ መቁረጥ ውሉን ያፈርሳል» ይባል። ሰሳውም እንደዚሁ፤ ጥላው ሲነሳ ቡናው አንድ ዓመት ከአቅሙ በላይ ይይዝና ቅርንጫፉ ይደርቃል።

የቀረውን ባጭሩ፦ አረም በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፤ ለቀማ ቀይ ቀዩን እንጂ ቅርንጫፍ እየጨመቁ አይደለም፤ ተከራዩ ችግኝ ቢተክል የማን እንደሚሆን አሁኑኑ ይጻፍ። ይህ የመጨረሻው ከተዘለለ ተከራዩ ሲወጣ «200 ችግኝ ተክያለሁ፣ ካሣዬን» ይላል፣ ካሣው ካልተከፈለም አልለቅም ይላል።

ለራሳቸው የሚያስቀሩት ክፍል ውስጥ ያረጀው ቡና ቢሆን እመርጣለሁ። ጥር መጨረሻ ላይ ሲሶውን ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ በሰያፍ ይቁረጡት፣ ዝናቡ ሲገባ ከሚያቆጠቁጠው ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራውን ያስቀሩ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላው ሲሶ። ተከራዩ ሲወጣ የራሳቸው ግማሽ ታድሶ ይጠብቃቸዋል።

ጅሬን፦

የግማሹ ገደብ ላይ ሁላችሁም ዝም ብላችሁ አለፋችሁ። ጉልበት የሌለው ቤት፣ በሽተኛ ወይም አዛውንት ብቻ ያለበት ቤት፣ ግማሹን አከራይቶ ግማሹን ምን ያድርገው? ሕጉ ለመጠበቅ ብሎ ሰውየውን ወደ ስውር ውል ነው የሚገፋው። ወለድ አገድ የበዛው ለዚህ ነው።

ቡናና_ሕግ፦

ጅሬን፣ ግማሽ ልክ ነህ። ገደቡ ባይኖር ግን በሐምሌ የቸገረው ቤት ሁሉ ሙሉውን ነበር የሚያከራየው፣ ለዓመት የሚበላው ሳያስቀር። ገደቡ የተበጀው ለቀለብ ነው። የቀረውን ግማሽ ለሚሠራለት ሰው በእኩል መስጠት ይቻላል፤ ግን ስውር ኪራይ እንዳይመስል በጽሑፍ ይሁን። ዘርና ማዳበሪያ የማን ነው፣ ቡናው የሚካፈለው በእሸት ነው በጀንፈል (ከነገለባው በደረቀው)፣ ለቃሚው በኪሎ የሚከፈለውን ማን ይከፍላል? «እኩል» ተብሎ ወጪው ሁሉ ከእናትየው ድርሻ ላይ ሲነሳ ሲሶ እንኳ አይቀርም። በእሸት ይካፈሉ፣ እዚያው ማሳ ላይ፣ በዕለቱ። ወደ ሰው ግቢ ገብቶ ጀንፈል የሆነ ቡና ሲመለስ ሁልጊዜ ይቀላል።

ኪራዩ አከፋፈልም ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የሦስት ዓመቱን ገንዘብ በአንድ ጊዜ መቀበል ያጓጓል፣ 40,000 ብሩን ይሞላል። ከዚያ ግን ሁለት ዓመት ከዚያ ማሳ ምንም አይገባም። ለቸገረው ዕዳ የሚበቃውን ያህል በፊርማው ዕለት፣ የቀረውን በየዓመቱ መስከረም፣ ለቀማ ሳይጀመር። «ካልተከፈለ ተከራዩ አይለቅምም» የሚል ዓረፍተ ነገር ይታከል። ክፍያው በባንክ ይሁን፣ ደረሰኙ ማስረጃ ነው።

ክርክር ቢነሳ መንገዱ ቀበሌ፣ ከዚያ በየወገን የሚመረጡ ሽማግሌዎች፣ ከዚያ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። በቀጥታ ፍርድ ቤት ሄዶ ፋይሉ የሚመለስበት ሰው ብዙ ነው።

የጎማው፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ጠራልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ሰዎች «አሁን በመሬት ደብተር ባንክ ያበድራል» ይላሉ፤ እውነት ነው? ሁለተኛ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ማሳውን በስልክ እየነጠበ (ያለበትን ቦታ በነጥብ እየመዘገበ) ነው፤ ለአውሮፓ ነው አሉ። መሬቱ ቢከራይ በማን ስም ይነጠባል?

ሰቃ፦

በደብተር መበደር በሕግ ተፈቅዷል። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ 1147/2011 ሰብልን፣ ከብትንና የአርሶ አደርን የመሬት መጠቀም መብት በዋስትና ያስገባቸዋል፤ 1324/2016ም የመጠቀም መብትን ለብድር ማስያዝ ይፈቅዳል። አበዳሪው መሬቱን መሸጥ አይችልም፣ ብድሩ ካልተመለሰ የሚያገኘው ውሉ ላይ ለተጻፈው ዘመን የመጠቀም መብትን ብቻ ነው። ከወለድ አገድ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ መጨረሻው የታወቀ ነው። በተግባር ግን አበዳሪዎች ካርታ ያለበትን ሁለተኛውን ደብተር ነው የሚጠይቁት፣ ካርታ የሌለውን የድሮውን የመጀመሪያ ደብተር ብዙ አይቀበሉም። ያልተስተካከለ ስም ያለበትን ደግሞ ጭራሽ። ሲንቄ ባንክን ጠይቁ፣ ከወለድ ነፃ አገልግሎት ያላቸውንም ጠይቁ፣ ግን በሐምሌ ተጀምሮ ለመስከረም ይደርሳል ብላችሁ ቀጠሮ አትያዙ። ያለ ወራሽነት ማስረጃ የትም አትሄዱም፤ ቡናና_ሕግ ቀድሞ ያለው ነው።

እናትየው የገበሬዎች ቁጠባና ብድር ማኅበር አባል ከሆኑ ከባንክ በፊት እዚያ ይሞክሩ። አባል ካልሆኑ ዘንድሮ አይደርስላቸውም፣ ለከርሞ ግን አሁን ይግቡ።

መልኮ፦

የነጠባውን ልመልስ። ሕጉ የአውሮፓ ኅብረት 2023/1115 ነው፤ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 በኋላ ደን ተመንጥሮ የተገኘ ቡና አውሮፓ ገበያ አይገባም ይላል። ከ4 ሄክታር በታች ላለ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ኬክሮስና ኬንትሮሱ ከነጥብ በኋላ ስድስት አኃዝ ድረስ። ከ4 ሄክታር በላይ ዙሪያው በሙሉ ይወሰዳል። የሚጀምርበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሞ አሁን ለትልልቅና ለመካከለኛ ኩባንያዎች ታኅሣሥ 21 ቀን 2019፣ ለጥቃቅንና ለአነስተኛ ደግሞ ሰኔ 23 ቀን 2019 ሆኗል።

ሰው የሚዘነጋው ሌላኛውን ክፍል ነው፦ ቡናው በተመረተበት አገር ሕግ መሠረት መመረት አለበት፣ የመሬት መጠቀም መብትም ከዚያ ውስጥ ነው። ሳይመዘገብ በወለድ አገድ የተያዘ ማሳ እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሳበታል። ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ ነጥቡ የሚወሰደው ከማሳው መሐል ቆሞ ነው፣ ቤት ደጃፍ ላይ አይደለም (ይህ ስሕተት በጣም የተለመደ ነው፤ ሳተላይቱ ቡናውን ትቶ ጣሪያ ያያል)። ስሙም የባለይዞታዋ ይሁን። ተከራዩ የሚያስረክበው እሸት በዚያው ማሳ መለያ ቁጥር ይግባ፣ ይህንንም ውሉ ላይ ጻፉት። ተከራዩ ማሳውን በራሱ ስም ደግሞ ካስመዘገበ አንድ ማሳ በሁለት ሰው ተቆጥሮ የሁለቱም ቡና ይጠረጠራል፤ ከዚህም በላይ ከሦስት ዓመት በኋላ መዝገቡ ላይ አምራች ሆኖ የሚታየው እሱ ይሆናል።

በነገራችን ላይ 2 ሄክታርና ከዚያ በላይ ቡና ያለው አርሶ አደር ራሱ ወደ ውጭ መላክ ይችላል እየተባለ በየስብሰባው የሚነገረው ለዚህ ቤት ምንም አይፈይድም። የሚፈይደው እናትየው በማኅበሩ አባልነት መቆየታቸው ነው። አጋሮ ያለው ከታ ሙዱጋ ዩኒየንም ሆነ የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን የሚሠራው በመሠረታዊ ማኅበራቱ በኩል ነው፤ ከትርፍ የሚከፋፈለው ገንዘብ ለአባል የሚደርሰው ባስረከበው ኪሎ ልክ ነው። የሟቹ አባልነት ወደ እሳቸው ስም ይዙር፤ የወራሽነት ማስረጃው ቅጂ አንድ ለማኅበሩ ጸሐፊ ይሰጥ። የራሳቸውን ግማሽ እሸት በራሳቸው ካርድ ያስረክቡ፣ በተከራዩ ካርድ ላይ «አብረህ መዝንልን» አይባልም፤ የከርሞው ክፍያ በእሱ ስም ይወጣልና።

ጅሬን፦

ለወራሽነት ማስረጃው የሞት ማስረጃ፣ የጋብቻ ማስረጃና የልጆቹ ልደት ማስረጃ ይጠየቃል። ሞቱ ቀበሌ ካልተመዘገበ ከዚያ ጀምሩ። ፍርድ ቤቶች በነሐሴና በመስከረም ለክረምት ስለሚዘጉ ማመልከቻው ሐምሌ ውስጥ ይግባ።